ዱዓው ያረፈባት ሞተር

ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ሊገዛ የመጣ ሰው ጋራዤ በር ላይ ገና ሲቆም ምን እንደሚል አውቃለሁ። ትልቁን ይጠይቃል። ለምን ትልቁን ስትለው ስለ ዳገት ያወራል፤ ከተማችን ጭሮ ዳገት ስለማይጠፋባት ምክንያት የሚያጣ የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን በሞተሩ መስታወት የራሱን መልክ ሲያይ ትይዘዋለህ። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም ከዚህ የተለየ ደንበኛ የገጠመኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷም ፈይሩዝ ናት።

ፈይሩዝ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ። ሥራዋ ቤት ተቀምጦ የሚያልቅ አይደለም። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ አንድ ቀን በደሳ፣ አንድ ቀን መቻራ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ቆላ ወርዳ ቦርደዴ ትገኛለች። የልጆቹን ትከሻና ወገብ ለክታ ትመለሳለች፤ ሰፍታ ስትጨርስ ደግሞ ይዛ ትሄዳለች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስትጠብቅ የቀኗ ግማሽ ያልቃል። ባለፈው ነሐሴ መቻራ ሄዳ መመለሻ መኪና አጣች። በማግስቱ ቦርደዴ አርፍዳ ስትደርስ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ ልብስ ሰፊ ሰጥቶት ነበር። ሞተር ያማራት ያን ጊዜ ነው። ኧረ ልዋሽ አይገባም፤ ሞተርማ ከዚያ በፊትም አምሯታል፤ ያን ጊዜ ምክንያት አገኘች ማለት ይሻላል።

መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ጋራዤ ስትመጣ ሦስት የሚሸጡ ሞተሮች ነበሩኝ። አንዷ ጆንያ ለመጫን የምትሆን ጠንካራ የገጠር ሞተር ናት። ሁለተኛዋ ከፊቷ እስከ ኋላዋ ፕላስቲክ የለበሰች፣ የእሽቅድምድም መሳይ። ሦስተኛዋን አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ጭሮን ሲለቅ ነው ለእኔ የሸጠልኝ። የቤንዚን ታንከሯ ቀይ ነው፤ ከዚያ በታች ምንም አልተሸፈነም፤ ሲሊንደሩ፣ ቱቦው፣ ማርሚታው፣ ብሎኑ ሁሉ በግልጥ ይታያል። ጋራዥ ውስጥ እርስ በርስ ስናወራ እንዲህ ያለችውን «ራቁቷ» ነው የምንላት። ፈይሩዝ ፊት ግን አፌን ሰብስቤ «ክፍቷ» አልኳት።

ፈይሩዝ ቁጢጥ ብላ ክፍቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። መስታወቱን መቼ ታያለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ወደዚያ ዞርም አላለች።

«ጋሽ ተስፋ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እነዚያኛዎቹ ገበር አላቸው። ልብስ ገበር ካለው ስፌቱ የት ጋ እንደለቀቀ ሳይተረትሩት አይታወቅም። የዚህችኛዋ ስፌት ውጭ ነው። መንገድ ላይ ብትቆምብኝ ቢያንስ የት ጋ እንዳመማት አያለሁ።»

እኔ ሰውን ቶሎ የማደንቅ ዓይነት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አደነቅሁ። ለጀማሪ እኮ ክፍቷ ናት የምትሻለው። መሪዋ ከፍ ስለሚል ጀርባህን ቀጥ አድርገህ፣ መንገዱን እያየህ ትሄዳለህ። ጉልበቷም ቢሆን መጠነኛ ነው፤ አንጠልጥላህ አትጠፋም። ጀማሪ ደግሞ ሞተሩን መጣሉ አይቀርም፤ እሷ ብትወድቅ የሚሰበር ፕላስቲክ የላትም። ይህን ሁሉ ነግሬ የማሳምነው ሰው ብዙ ነው፤ ልጅቷ ግን በመርፌና ክር አእምሮዋ ብቻዋን ደረሰችበት።

«በይ ውጪባትና እግርሽ ይደርስ እንደሆነ እንይ» አልኳት።

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ከቀሚሱ ሥር ሰፊ፣ ወፍራም፣ ጉልበቱ ላይ ድርብ የተሰፋ ሱሪ ለብሳለች። እንዲህ ያለ ሱሪ ሱቅ ውስጥ አይገኝም።

«ይህን ደግሞ መቼ ሰፋሽው?»

«ረመዳን ላይ።»

«ሞተር ሳይኖርሽ የሞተር ሱሪ!» ብያት ሳቅን። ሁለቱም እግሮቿ መሬት ደርሰዋል። ገንዘቧንም ለብቻዋ አጠራቅማለች። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» ስላት ሳቋ ጠፋ።

«መጀመሪያ ለጋሼ ልንገረው» አለች።

ጋሼ የምትለው ወንድሟን ዘይኑዲንን ነው። የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጓደኛዬም ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሱ ገና ሃያ አራት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ አባቷም እናቷም እሱ ነው። ዘይኑን ክፉ ነው የሚል ሰው ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። ግን ሁሉን ነገር እሱ ይመርጣል። የምትማርበትን ትምህርት ቤት እሱ መረጠ፣ የስፌት መኪናዋን እሱ መረጠ፣ የሱቋን መጋረጃ ቀለም እንኳ ራሱ መርጦ ራሱ ሰቀለው። እሷም ለሁሉም «እሺ፣ ጋሼ» ትላለች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ክፍቷን አይታ ትሄድ ነበር። «ነገርሽው?» ስላት አንድ ቀን ደክሞት ነበር፣ አንድ ቀን እንግዳ ነበረው፣ አንድ ቀን ደግሞ ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ጭሮ ውስጥ ወሬ መች ይደበቃል? እሷ ሳትነግረው እህትህ ሞተር ፈልጋለች የሚል ወሬ ሱቁ ድረስ ገባለት። ዘይኑ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለማንም ሳይናገር ድሬዳዋ ሄዶ ስኩተር፣ ያቺን እግር ገጥመው የሚቀመጡባትን ትንሽ ሞተር፣ ጭኖ መጣ። ሰማያዊ ናት፤ ከፊቷ ቅርጫት፣ በጎኗ ላይ የአበባ ሥዕል አለባት።

«አሰናዳልኝ» አለኝ ደስ ብሎት። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤት መጥተው ዱዓ ያደርጉላታል።»

«ዘይኑ፣ ልጅቷን ጠይቀሃታል?»

«ምኑ ይጠየቃል? በቀሚስ ሌላ በምን ትነዳለች?»

«የዚህች ጎማ እኮ የዳቦ ያህል ነው። የመቻራ መንገድ ይውጣታል።»

«ቀስ ብላ ትሄዳለች» አለና ሄደ።

ለፈይሩዝ ነገርኳት። «ካመጣትማ… እሺ» አለች። የክፍቷን ታንከር አቧራ በመዳፏ ጠርጋ ወጣች። እኔ ከሱ ይልቅ በሷ ተናደድኩ። ምክንያቱም ዓርብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በእኛ ከተማ ዱዓ የተደረገበትን ዕቃ መመለስ፣ መለወጥ ያስፈራል። የከለከለው ኖሮ አይደለም፤ የሚደፍረው ስለሌለ ነው። ሽማግሌዎቹ አንዴ ስኩተሯ ላይ እጃቸውን ከዘረጉ ፈይሩዝ ዕድሜዋን በአበባ ሥዕል ልትሄድ ነው።

ዓርብ ዕለት ስኩተሯን ላስነሳት ብል ባትሪዋ ሞቷል። ቻርጅ ላይ አደረግኋትና «አንድ ሰዓት ያህል ትቆያለች» ልል ወደ ዘይኑ ቤት ሄድኩ። የሄድኩት በክፍቷ ነው፤ ሌላ በምን እሄዳለሁ? ግቢው ውስጥ አቁሜያት ስገባ ዘይኑ የለም፤ ለእንግዶቹ ጫት ሊያመጣ ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ግን ቀድመው መጥተዋል። ትልቁ ሐጂ አብዱልቃዲር ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን ገበያ ያቋርጣል።

«ሞተሯ የታለች?» አሉ።

ግቢው ውስጥ ያለችው ሞተር አንድ ናት። አንዱ ሽማግሌ የሐጂን እጅ ይዘው ወደ ክፍቷ ወሰዷቸው። እኔ «ሐጂ፣ ይህቺ እኮ…» ብዬ ሳልጨርስ መዳፎች ሁሉ ወደ ላይ ተዘርግተዋል። ዱዓ ከተጀመረ አይቋረጥም። ይህን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቃል፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ አሚን ብለህ ነው ባልዲ የምትፈልገው። እኔም እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«ያ ረቢ! ጎማዋን ከእሾህ፣ ፍሬኗን ከመክዳት ጠብቅ!»

«አሚን!»

«የቤንዚን ሰልፍ አታሳያት!»

«አሚን!»

«ጫት ጭኖ ከሚበር አይሱዙ ሰውራት!»

የዚህኛው አሚን ከአጥር ውጭ ካሉ መንገደኞችም ጭምር መጣ። ይኼኔ ዘይኑ ጫቱን በክንዱ ታቅፎ ገባ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ክፍቷን አየ፣ እኔን አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ምን ያድርግ? ጫቱን አስቀመጠና መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» አለ። ፈይሩዝ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አሚኗ ከሁሉም ይጎላል።

ሐጂ ጨርሰው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱና ከጫቱ አንድ ቀንበጥ ቀጥፈው መሪዋ ላይ ሻጥ አደረጉ።

«ተስፋዓለም!» አለ ዘይኑ። «ይህቺ የማን ናት?»

«የእኔ። የምትሸጥ ናት።»

«የፈይሩዝ የታለች?»

«ባትሪዋ ሞቶ ቻርጅ ላይ ናት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ሌላው ዱዓው እንደገና ይደረግ አሉ፤ ከጎናቸው የተቀመጡት ደግሞ ካረፈ አረፈ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ማን ይነቅለዋል ብለው ተከራከሩ። ፈይሩዝ ይህን ስትሰማ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ መጣ። ገባኝ፤ ስህተቱ እንዲናገርላት ፈልጋለች። እኔም ከልቤ እንደዚያ ይሁን ብዬ ነበር።

«ሐጂ፣ እባክዎ» አለ ዘይኑ፣ «ዱዓውን ወደ ሌላዋ ያዛውሩልን።»

ሐጂ አብዱልቃዲር ምንጣፉ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ለብረት ዱዓ አላደርግም። ያደረግሁት ለልጅቷ ነው። የፈለገችው ላይ ብትወጣ አብሯት ይሄዳል፤ አህያም ቢሆን።»

የፈይሩዝ ፈገግታ ጠፋ። አሁን የምትደበቅበት የለም።

«ኢንታለ ኮ» አሏት ሐጂ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «የትኛዋን ነው የምትፈልጊው?»

«ጋሼ ያመጣ…» አለች። ልማድ ነው፤ ከአፏ ቀድሞ ወጣ። ከዚያ ቆመች። ክፍቷን አየቻት።

«ይህቺን» አለች።

«አልሰማሁም» አሉ ሐጂ።

«ይህቺን ነው የምፈልገው!»

ዘይኑ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ፊቱ ግን የተቆጣ ሳይሆን የተጎዳ ሰው ፊት ነበር። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ፣ ጋሼ?» በድፍረት አላለችውም፤ በቀስታ ነው ያለችው፤ ያ ደግሞ ባሰ። «አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር አድርገህልኛል። አላህ ይስጥህ። ምን ትፈልጊያለሽ ብለህ ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«እኔንስ ቢሆን!» አለች የዘይኑ ሚስት ረዲያ ከበሩ ውስጥ። «ሰማያዊዋን ለእኔ ተዋት፤ እኔም እግር አለኝ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ዘይኑ አልሳቀም። ወደ ክፍቷ ሄዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ በጣቱ እያሳየ።

የምመልስ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ፤ የጠየቀው እሷን መሆኑን ሳይ ዘጋሁት።

«ካንዴላው ነው። እሳት የሚሰጣት እሱ ነው» አለች ፈይሩዝ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ።

«ይህስ?»

«የኋላ ጎማዋን የሚያዞረው ካቴና ነው። በየጊዜው ዘይት ይፈልጋል።»

«እግርሽ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«ቀሚሱስ?»

የቀሚሷን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ሱሪውን አሳየችው። በሁለት ጣቱ ጨርቁን አሸት አሸት አደረገ። «ከእኔ ሱቅ ነው?»

«አዎ።»

«ጥሩ ጨርቅ ነው» አለ።

ጠየቀ፣ ጠየቀ። ዝናብ ሲይዛት ምን እንደምታደርግ፣ ዩኒፎርሙን የት እንደምታስረው፣ ከበደሳ መቻራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ። ሁሉንም መለሰች። ጫቱ ሳይከፋፈል ቀረ፤ ማንም አላስታወሰው። በመጨረሻ ዘይኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትፈሪያለሽ?»

«በጣም።»

«እኔም» አለ። ዓይኑን ከካቴናው ላይ አላነሳም። «አባባ ከሞተ ጀምሮ ወጥተሽ እስክትመለሺ እፈራለሁ። ብጠይቅሽ ሩቅ የሚወስድሽን ነገር ትመርጫለሽ ብዬ ነው ያልጠየቅሁሽ።»

ፈይሩዝ ትከሻው ላይ እጇን ጣል አደረገች። «እመለሳለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለችው።

ዘይኑ ሳይዞር እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት፤ እሱም ለእሷ ሰጣት።