አንድ ወደ ላይ

ባለፈው ሳምንት አዲስ ስልክ ገዛሁ። የድሮው መስታወቱ ከተሰነጠቀ ከርሟል፤ ባትሪውም ጠዋት ሞልቼው ለምሳ ሳልደርስ እጁን ይሰጥ ነበር። ልጄ ሃና ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ነገር ግን ከእኔ ትቀድማለች። ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ አዲሱን ስልክ ስትነካካ ቆየችና ቀና አለች።

«እማዬ፣ ከአዲስ ልጀምረው ወይስ የድሮውን ሁሉ ከባክአፕ ልመልሰው?»

እውነቱን ለመናገር፣ «ከአዲስ» የሚለው ነበር አፌ ላይ የመጣው። በድሮው ስልኬ ውስጥ ባላየው የምመርጠው አንድ ስም አለ። ሁሉን ትቼ ብጀምር ያ ስምም ያለ ንግግር፣ ያለ ጭቅጭቅ አብሮ ይቀራል። ማን ይጠይቀኛል? ስልክ ቀየርኩ ማለት ብቻ ነው።

ሃና ጣቷን ልታሳርፍ ስትል ግን «ቆይ!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። ያስጮሁኝ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ እሷ አታውቃቸውም።

ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከበላይ ጋር መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ስልክ ቤት ነበረን። ስልክ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር የተካፈልናት ጠባብ ክፍል ነበረች። በላይ የተበላሸውን ይጠግናል፤ እኔ አዲስ ስልክ ይዞ ለመጣ ሰው አስተካክዬ እሰጣለሁ። ጊዜው ተች ስልክ ወደ መንዝ መውጣት የጀመረበት ነበር። አብዛኛው የሚመጣው ከዐረብ አገር ነው። እዚያ ያለች ልጅ ገዝታ በሰው እጅ ለእናቷ ትልካለች፤ እናትየዋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ እኛ ታመጣዋለች።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የተዝረከረከ ነገር አልወድም። የሰው ስልክ ስከፍት አንድ ስም ሦስት ቦታ ተጽፎ፣ ሌላው ያለ ስም ተቀምጦ ሳገኝ ያሳክከኛል። ስለዚህ ለመጣው ሁሉ የምሰብከው ስብከት አንድ ነበር፤ «ከአዲስ እንጀምር፣ ይሻላል።» በላይ በዚህ አይስማማም። ከማጉያ መነጽሩ ሥር እያየኝ «የሰው ስልክ የሰው ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሳይኖር አይጠረግም» ይለኝ ነበር። እኔ እስቅበታለሁ።

እትዬ ዘነበች ባና ነጋዴ ነበሩ። ከየመንደሩ የተፈተለ የበግ ፀጉር ሰብስበው ለሸማኔ ይሰጣሉ፤ የተሠራውን ባና ደግሞ ገበያ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ከገበያው ማዶ ይሰማል። ማንበብና መጻፍ አያውቁም። አንድ የገበያ ቀን ቤይሩት ያለች ልጃቸው የላከችላቸውን ስልክ ይዘው መጡ። ገዢ እየጠበቃቸው ስለነበር አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ደጅ ነው።

ባለ ቁልፉን የድሮ ስልካቸውን ስከፍተው ሳቄ መጣ። ስሞቹ ስም አይደሉም። አንዱ ኤ፣ አንዱ ቢ ቢ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሁለት ዜድ ብቻ ነው። የደወሉላቸውን ሰዎች ዝርዝር አየሁ፤ ከዘጠኝ ሰው ሌላ የለም። የዘጠኙን ቁጥር ወደ አዲሱ አሻገርኩ። ገበያው ውስጥ ያገኘኋቸውን ሰዎች ሮጥ ብዬ ፎቶ አንስቼ ከቁጥራቸው ጋር አደረግኩ፤ ፊት እያዩ እንዲደውሉ ነው። በብልሃቴ በጣም ኮርቼ ነበር።

«ሌላውን ልጣለው እትዬ? የማይደወልበት ቁጥር ምን ያደርግልዎታል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ» አሉኝ ወደ ባናቸው እያዩ።

የድሮውን ስልክ ለሸማኔያቸው ሊሰጡት ስላሰቡ ፎርማት አደረግኩት። ከዚያ ቤይሩት ደወልን፤ ልጃቸው በመስታወቱ ላይ ብቅ አለች። እትዬ ዘነበች ስልኩን ግንባሩ ላይ ሳሙት። ያን ቀን ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው መሐል ሜዳ ውስጥ አልነበረም።

ሦስት ቀን ቆይተው ተመለሱ። ሰላምታ የለም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አንድ ወደ ላይ የነበረው የት ሄደ?»

አልገባኝም። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ለካ እትዬ ዘነበች ስም አያነቡም፤ ይቆጥራሉ። በድሮው ስልክ አንዴ ወደ ታች ሲጫኑ ልጃቸው ናት፣ ሦስቴ ሲጫኑ ሸማኔው ነው፣ አምስቴ ሲጫኑ ከጓሳ በኩል ፀጉር የሚያመጣላቸው ሰው ነው። ከመጀመሪያው ስም ላይ ሆነው አንዴ ወደ ላይ ከተጫኑ ደግሞ ዝርዝሩ ይዞርና መጨረሻው ላይ ያርፋል። እዚያ ያለው ያ የሳቅሁበት ዜድ ዜድ ነው።

«ማን ነበር እትዬ?»

«ወንድሜ ነዋ! ደምሴ፣ ቀየት ያለው።»

«ግን እኮ ደውለውለት አያውቁም…»

«አልደውልማ! አራት ዓመቴ ነው ካልደወልኩለት!» አሉና የባለጉዳይ መቀመጫው ላይ ዘጭ አሉ።

ጋሽ ደምሴ ከአራት ዓመት በፊት ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ታላቅ እህታቸውን የጠሩት በስልክ ነበር። በእኛ አገር ታላቅ እህት ለሠርግ በስልክ አትጠራም። ሰው ይላካል፤ የተላከው ደጅ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ያለ እርስዎ አይሆንም ብለዋል» ይላል። «ሰው ሳይልክ! እንደ መንገደኛ፣ በጆሮዬ!» አሉኝ እትዬ ዘነበች፤ ዛሬ የተጠሩ ይመስል ፊታቸው ቀላ። ሠርጉ ላይ አልሄዱም። ወንድምየውም እህቴ ቀረችብኝ ብለው አዘኑ። በዚያው ቀረ።

«ታዲያ ቁጥሩን ለምን ይዘውት ኖሩ?» አልኳቸው፤ ሞኝነቴ።

«አንቺ ልጅ፣ ኩርፊያና ጠብ አንድ ነው? ቁጥሩ እዚያ እስካለ ኩርፊያ ነው። አንድ ቀን ጣቴ ይስታል፣ ወይ ሆዴ ይራራል። አሁን ግን ጠብ ሆነ። አራት ዓመት ያልተጣላነውን አንቺ አጣላሽን።»

ሰው ጠይቄ ቁጥሩን ላምጣልዎት ብላቸው ጭራሽ ተቆጡ፤ በእሳቸው ስም ከተጠየቀ «ፈልጋኝ መጣች» ይላሉ ወንድምየው፤ ያ ደግሞ ሞታቸው ነው። ስልኩን አንስተው ወጡ። በላይ ሁሉንም ሰምቷል። ነገር አላበዛም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለና ወደ ብሎኑ ተመለሰ። በቀየት ገበያ ቀን ግን ገና ሳይነጋጋ የራሱን ወፍራም ካፖርት ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። «ሂጂ። ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ።»

ኅዳር ከገባ ጥቂት ቀን ነበር። ውርጩ ሜዳውን አንጥቶታል፤ ሚኒባሱ ውስጥ የሁላችንም ትንፋሽ ይታያል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። እኔ ብልሃት ሸርቤያለሁ፤ ቀየት እደርሳለሁ፣ ከገበያተኛ አንዱን የጋሽ ደምሴን ቁጥር እጠይቃለሁ፣ የማንንም ስም ሳላነሳ እመለሳለሁ። የጠየቅኋት ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ሳቀችብኝ። «እነሱ መንደር ኔትወርክ የለ፤ ቁጥራቸውን ማን ይይዘዋል? ገብስ አጨዳ ላይ ናቸው፤ ቅርብ ነው፣ ሂጂ» አለችኝ። የገጠር ቅርብ ታውቁት የለ? አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ሄድኩ።

ጋሽ ደምሴ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ማጭዳቸውን እንደያዙ ከማሳው ወጥተው ተቀበሉኝ።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከመሐል ሜዳ።»

«ማን ብሎሽ መጣሽ?»

ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀሁት ውሸት ነበረኝ። የበግ ፀጉር ገዢ ነኝ ልል ነበር። የሰውዬው ዓይን የእትዬ ዘነበችን ዓይን ቁርጥ ሆኖ ሳየው ውሸቱ ጠፋብኝ። «እትዬ ዘነበች… ስልክ ቁጥርዎን…» አልኩና እዚያው ላይ ቆምኩ።

ማጭዱ ከእጃቸው ወደቀ። «እታለም ሰው ላከች?» አሉ፤ እህታቸውን ማለታቸው ነው።

ያን ጊዜ «አይደለም፣ ቁጥሩን እኔ አጥፍቼው ነው» ማለት ነበረብኝ። እሳቸው ግን ወደ ቤታቸው ዞረው «አንቺ! እታለም ሰው ልካለች! የሚበላ አምጪ!» እያሉ ይጣራሉ። ልናገር አፌን ስከፍት በቅቤና በአዋዜ የተለወሰ ትኩስ የገብስ ቂጣ ጎረስኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?

ስበላ አጠገቤ ተቀምጠው ማዶ ያለ ጉብታ አሳዩኝ። «ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ አናት ላይ ነው። ሠርጉ ሲደርስ የምልከው ሰው አጣሁ፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። በዚያ ዝናብ እየተንሸራተትሁ ወጥቼ ነው የደወልሁላት። ልቤ እስኪጠፋ! ሰው ከመላክ በምን ያንሳል? እሷ በስልክ ጠራኝ ብላ ቀረች።»

ይህን እትዬ ዘነበች አያውቁም። አራት ዓመት ሙሉ የሚያውቁት ግማሹን ብቻ ነው።

ልነሳ ስል ቁጥራቸውን ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልሰጥሽም። እሷ በእግር ሰው ልካ እኔ ቁጥር ልላክላት? ደግሜ ልሳሳት? ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ በያት።»

በመልሱ መንገድ ካፖርቱን ለብሼም በረደኝ። እትዬ ዘነበችን ባናቸው አጠገብ አገኘኋቸውና ከፎርማቱ እስከ ቂጣው አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

«ላከችኝ አልሽው?»

«አላልኩም። እሳቸው ናቸው ያሉት። እኔ ዝም አልኩ።»

«ዝም ማለትም ማለት ነው!» ብለው ባናውን በመዳፋቸው ሲመቱት አቧራው ተነሳ። ስለ ጉብታው፣ ስለ ዝናቡ የነገርኳቸውን ደግሜ እንድነግራቸው አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ።

«ከስቷል?»

«ትንሽ።»

«ቂጣውን በቅቤ ነው የሰጡሽ?»

«በቅቤ።»

«ሚስቱ ድሮም ሰስታ አታውቅ።» እጃቸው ከተደራረቡት ባናዎች መሃል የሚያምረውን ነጩን እየመረጠ ነበር። «ቅዳሜ ነው ያለው?»

«ቅዳሜ።»

«እንግዲያው ልኬሻለሁ። አፍሽን ያዢ።»

ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ አንድ ስልቻ የዘር ገብስ በትከሻቸው ይዘው መጡ። እኔና በላይ ከስልክ ቤታችን በር ላይ ሆነን እናያለን። ጉንጭ ለጉንጭ ስንት ጊዜ እንደተሳሳሙ አልቆጠርኩም። ከዚያ የእትዬ ዘነበች ድምፅ እንደ ልማዱ ገበያውን ሞላው።

«ጉብታ ላይ ወጥተህ መደወልህን ለምን ያን ጊዜ አልነገርኸኝም?»

«ልነግርሽ ስል ኔትወርኩ ተቆረጠ!»

በላይ የያዘው ብሎን መፍቻ እስኪወድቅ ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ በወቅቱ አልገባኝም። በኋላ ሁለቱም ወደ እኛ ገቡ። ጋሽ ደምሴን ፎቶ አነሳኋቸው፤ ቁጥራቸውን ከራሳቸው አፍ ጻፍኩ።

«የት ላድርጋቸው እትዬ? መጀመሪያ ላይ?»

«ተይ፣ እዚያው መጨረሻ ላይ አድርጊው። ለምዶታል።»

ስሙንም ዜድ ዜድ ብዬ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የማንንም ስልክ ባለቤቱን አጠገቤ ሳላስቀምጥ ጠርጌ አላውቅም።

ስልክ ቤቱን ከዘጋን ቆየን። እኔ አግብቼ ደብረ ብርሃን ወረድኩ፤ በላይ እዚያው መሐል ሜዳ፣ እናታችን በሞተችበት ቤት ቀረ። አምና እኔ ቤቱን እንሽጠውና ሁላችንም ከአዲስ እንጀምር አልኩ። እሱ አይሸጥም አለ። ክፉ ቃል ተነጋገርን፤ የእኔው ይብስ ነበር። ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ላለማየት የፈለግኩት ስም የእሱ ነው።

ሃና የድሮውን መልሽው ስላት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ስሞቹ እየተንጠባጠቡ ገቡ። የማልደውልላቸው አሉ፣ የሞቱም አሉ፣ ማን እንደሆኑ የረሳኋቸውም አሉ። አንዱንም አላጠፋሁም። ቁጥር መደወያ ብቻ ይመስለኝ የነበረው በልጅነቴ ነው፤ ሰው ያልደወለለትንም ሰው በሆዱ ይዞ ይኖራል። ወረድ ብዬ «በላይ» የሚለው ስም ላይ ቆምኩ።

«ደውይለታ» አለችኝ ሃና በትከሻዬ አሻግራ እያየች።

«በስልክ አይሆንም።»

«ለምን?»

ተነስቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ያ ካፖርት ከጥግ ተሰቅሏል፤ ከቀየት ከመጣሁ ጀምሮ አልመለስኩለትም፣ እሱም ጠይቆኝ አያውቅም። አውጥቼ በር አጠገብ ሰቀልኩት።

«ቅዳሜ መሐል ሜዳ እንወጣለን» አልኳት። «ይህን እንዳልረሳ አስታውሺኝ።»