«ቅዳሜ 3»፦ ከኢገን እስከ ወንዙ ዳር

11፡30፣ ኢገን፣ ሚኒሶታ

ጎሕ ሲቀድ ከአፓርትመንቴ ወጣሁ። የግንቦት ጠዋት ነው። ሁለት ዝይዎች መኪናዬ ፊት ቆመው አንነሳም አሉኝ። ጓንት፣ መቆንጠጫና ሁለት ጥቅል የቆሻሻ ፌስታል ጫንኩ። ሥራዬ ከኤርፖርት መንገደኛ ማመላለስ ነው፤ ዛሬ የምጭነው ግን ጎረቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደግሁት ነገሌ ቦረና ነው። የእኛ ገናሌ ወንዝ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይባላል፤ ጁባ ሶማሊያን አቋርጦ ኪስማዮ አጠገብ ባሕር ይገባል። እዚያ የጓደኛዬ የሐዋ እህት ሳህራ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር በየሳምንቱ ባሕር ዳር የተከመረ ፕላስቲክ ታነሳለች። ባለፈው ወር ደውላ፣ «እኛ እናነሳለን፣ እናንተ ጎረቤቶች ትልኩልናላችሁ። ሴቶቹ ታክቷቸዋል። ጎረቤት አብሯቸው ሲያነሳ ካላዩ ያቆማሉ» አለችን። ስለዚህ ቀን ቆረጥን። እነሱ ኪስማዮ፣ የሌላው ጓደኛዬ የጁማ ዘመዶች ሞምባሳ፣ ወንድሜ ዶሎ፣ እኛ እዚህ ሚሲሲፒ ላይ በአንድ ጊዜ እናነሳለን፤ በቪዲዮ እንተያያለን። ሰዓቱን በግሩፓችን ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «ቅዳሜ 3»።

12፡15፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ

ሰባ ሰባት ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዤ፣ የሚኒሶታን ወንዝ ተሻግሬ ደረስኩ። ሐዋ ከምትኖርባቸው ረጃጅም ፎቆች ሥር በአንድ እጇ ሳምቡሳ፣ በሌላው የሻይ ቴርሞስ ይዛ ቆማለች። የአረጋውያን ተንከባካቢ ናት። አማርኛዋን አዲስ አበባ በስደት ዘመኗ ነው የለመደችው።

«ዘገየህ፣ ገመቹ።»

«ገና አሥራ ሁለት ከሩብ እኮ ነው።»

«እናንተ ባሕር ስለሌላችሁ አትቸኩሉም።»

«ባሕር ባይኖረን ቆሻሻ አለን።»

«እሱንማ ሳህራ ትመስክር» አለችና ሳምቡሳውን ሰጠችኝ። ሚጥሚጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ሆን ብላ ያበዛችው ይመስለኛል።

1፡20፣ ብሩክሊን ሴንተር

ጁማ የሞምባሳ ሰው ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ከኋላ ተቀምጦም ፍሬን ይረግጣል። ሦስታችን የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ አሰባበሩ ግን የየራሳችን ነው።

«ወንዙ ላይ የምንሳፈርበትን ጀልባ የሚያመጣው ማነው?» አለኝ።

«ጋሪ የሚባል ሽማግሌ። በነፃ ነው የሚያመጣልን።»

«ጋሪ በእኛ ቋንቋ መኪና ማለት ነው።»

«በእኛም» አለች ሐዋ።

«በእኛ ፈረስ የሚጎትተው ነው» አልኩ።

ጁማ ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ እንዲህ ካለ ሰው ጀልባ ትጠብቃለህ?» አለ። እስከ ወንዙ ድረስ ሳቅን።

2፡40፣ ወንዙ ዳር

ሠላሳ ያህል ሰው ቀድሞን ደርሷል። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አለ፣ ከመስጊድ የመጣ አለ፣ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሳይተኛ የመጣ ነርስ አለ። ሐበሻ ቀድሞ ደረሰ ብል ማን ያምነኛል?

ጀልባው ብቻ የለም። የጸደዩ ጎርፍ የተሸከመውን ሁሉ ያራገፈው ወንዙ መሐል ካለችው ትንሽ ደሴት ላይ ነው፤ ያለ ጀልባ አይደረስባትም። ደወልኩ።

«ጋሪ፣ የት ደረስክ?»

«ሴንት ፖል፣ የልጅ ልጄን ጨዋታ እያየሁ ነው። ሦስት ሰዓት አልነበር ያልከኝ?»

«አዎ፣ ሦስት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀረው።»

«ወዳጄ፣ እዚህ ዘጠኝ ሊሆን ነው ሃያ የቀረው።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከአፍረቴ የተነሳ ፊቴ ነደደ። አሜሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ አንድ መንገደኛ በረራ አላመለጠውም፤ ከጎረቤት ጋር ስቀጥር ግን ሰዓቴ ሳላውቀው አገር ቤት ይገባል። ለሐዋና ለጁማ «ሦስት» ብዬ ስጽፍ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ሐዋም ከፀሐይ መውጫ ነው የምትቆጥረው፤ ጁማም በስዋሂሊ «ሳ ታቱ»፣ ሦስት ሰዓት፣ ሲል ይኸንኑ ሰዓት ማለቱ ነው። ድንበር ላይ ስንት የምንጨቃጨቅ ጎረቤቶች፣ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ነን። ያንኑ «ሦስት» እንደወረደ ለጋሪ የተናገርኩት ነው ጉድ ያደረገኝ።

የጋሪን ሦስት፣ የእኛን ዘጠኝ ሰዓት፣ ብንጠብቅ ኪስማዮ ከምሽቱ አምስት ይሆናል፤ ባሕሩም ሴቶቹም አይታዩም። አሁን እዚያ አሥራ አንድ ሊሆን ነው፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ይህን ሁሉ ሰው አስነስቼ የሴቶቹን ልብ ልሰብር ነው ብዬ በእውነት ፈራሁ።

ሐዋ አላየችኝም። የምታየው የመንገዱ ጎርፍ ወደ ወንዙ የሚወጣበትን ትልቅ የሲሚንቶ ቱቦ ነው። አፉ በፕላስቲክ ኩባያና ጠርሙስ ተወትፏል።

«ሳህራ ጀልባ አላዘዘችም» አለች። «ትልኩልናላችሁ ነው ያለችው። የሚላከው በዚህ በኩል ነው።»

እውነቷን ነው። ሚኒሶታም እንደኛ አገር ባሕር የላትም፤ ከላይ ተቀምጣ ወደ ታች የምትልክ ናት። ጓንት አደልኩ።

3፡00፣ ቱቦው ሥር

ስልኩ ተከፈተ። ከሳህራ ጀርባ ባሕሩ ቀልቷል፤ ሴቶቹ ጆንያ ይዘው ተደርድረዋል። የሞምባሳዎቹ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ወንድሜ ዶሎ ላይ ሱሪውን ጠቅልሎ ወንዙ ዳር ጎንበስ ብሏል።

«ጀልባው የታለ?» አለች ሳህራ። ሐዋ እውነቱን በሶማልኛ ነገረቻት። ሴቶቹ ተያይተው በሳቅ ፈነዱ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ሦስት ሰዓትማ ሦስት ነው፣ የተሳሳተው ሰውዬው ነው አሉ።»

ስልኩን ወደ ቱቦው አስጠጋሁና የጎተትኩትን ጠርሙስ አሳየኋት። «ይሄ እንኳ ኪስማዮ አይደርስም» አልኩ።

ሐዋ የእህቷን መልስ ተረጎመችልኝ፦ «የዶሎው ይደርስ ነበር። ወንድምህ ሲያነሳው ሴቶቹ አይተውታል። የሚመጣው ቅዳሜስ በስንት ሰዓት ነው ይሉሃል።»

ደስ ብሎኝ ሌላ ጠርሙስ ጎተትኩ።

9፡00፣ እዚያው

ጋሪ ጀልባውን ጎትቶ በራሱ ሰዓት ደረሰ፤ አንዲት ደቂቃ አላዛነፈም። የቀረን አሥራ ሁለት ሰዎች ደሴቷን ጠረግን፤ አራት ጎማና አንድ የሕፃን ብስክሌት አወጣን። ጋሪ የሐዋን የመጨረሻ ሳምቡሳ በላና እንባውን እየጠረገ ጠየቀ።

«ለሚመጣው ቅዳሜ፣ በስንት ሰዓት ልምጣ?»

«በሦስት» አልን ሦስታችንም በአንድ አፍ።

ጋሪ ተራ በተራ አየን። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና መዳፉ ላይ «9» ብሎ ጻፈ።