የተጣበቀው የጀሶ ጥርስ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኳትም። አብሬያቸው ለምሠራው ለጋሽ እንድሪስም አልነገርኳቸውም። ለንስሐ አባቴ ልናገር ሁለት ጊዜ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄጄ፣ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህችን ጉሮሮዬ ውስጥ ይዤ ተመልሻለሁ። እርስዎን ግን አላውቅዎትም፤ ፊትዎን ስለማላየው ይሆናል የደፈርኩት። ቢፈርዱብኝም እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። ጥፋቴ የቱ ጋ እንደሚጀምር እኔ ራሴ ዛሬም አልጠራልኝም።

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞች የሰውን አፍ ቅርጽ ወስደው ይልኩልናል፤ እኛ መርካቶ ውስጥ ከጨርቅ መደብሮች በላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ቅርጹን በጀሶ አውጥተን፣ በዚያ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንሠራለን። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ገባሁ፤ እጃቸውን እያየሁ፣ በስልኬ ቪዲዮ እየከፈትኩ፣ እያበላሸሁ ለመድኩት። ሁሉን ነገር ካሊፐር በሚባለው የብረት መለኪያ ስለምለካ ጋሽ እንድሪስ ሁልጊዜ ይስቁብኛል።

«አንተ ልጅ፣ ጥርስ ነው የምትሠራው ሰዓት?»

እህቴ ገነት ናት ያሳደገችኝ። ከባሏና ከልጇ ከቤዛ ጋር ወደ ካናዳ ስትሄድ ቤዛ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሐኪም የልጅቷ የፊት ጥርሶች ተደራርበው እየበቀሉ መሆኑን አይቶ፣ በሽቦ መስተካከል እንዳለባቸው ነግሮን ነበር። እህቴ አማከረችኝ። «እዚያ ለልጆች ሕክምና በነጻ ነው፣ እዚያ ይሻልሻል» አልኳት። ከየት ሰማሁት? ሁሉም ሰው ይል የነበረውን ነው ያልኩት። ሆስፒታሉ እውነትም ነጻ ነው። የጥርስ ሽቦ ግን ነጻ አይደለም። ዋጋውን በስልክ ስትነግረኝ የተሳሳተች መስሎኝ «ደግመሽ ንገሪኝ» አልኳት። አልተሳሳተችም። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራ ነበር፤ ቅዳሜንና እሁድን ጨመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ እየከፈለች፣ የቤዛ ጥርስ ተስተካከለ። ሽቦው የወለቀ ቀን የላከችልኝን ፎቶ ለጋሽ እንድሪስ አሳይቻቸው «ማሻአላህ፣ የተደረደረ ዕንቁ!» ብለዋል።

ሽቦ ከወለቀ በኋላ ጥርስ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይፈልጋል። እንዳይመለስ ማታ ማታ የሚደረግ ከላንቃ ጋር ልክክ የሚል ነገር አለ፤ እኛ ፕሌት እንለዋለን። ቤዛ ያን ፕሌት ትምህርት ቤት ምሳ ስትበላ አውልቃ በሶፍት ጠቀለለችው። ከዚያ ከምግብ ትርፍራፊው ጋር አብራ ጣለችው። አዲስ ለማሠራት ክሊኒኩ የጠየቀውን ስትሰማ እህቴ ደወለችልኝ። መጀመሪያ የተሠራበትን የጀሶ ሞዴል ክሊኒኩ በካርቶን አድርጎ ሰጥቷት ነበር።

«አንተ አትሠራውም?» አለችኝ። «ሞዴሉን በሰው እልክልሃለሁ።»

«እሠራዋለሁ» አልኩ። በሕይወቷ ከእኔ አንድ ነገር ስትጠይቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሞዴሉ ለሠርግ በመጣች ጎረቤቷ እጅ ደረሰኝ። እንከን አልነበረበትም። ያን የመሰለ ንጹሕ የጀሶ ሥራ አይቼ አላውቅም። ሴትዮዋ የምትመለሰው ሐሙስ ነበር። እኔ ግን የፕሌቱን ሽቦ ሦስት ጊዜ አጥፌ ሦስት ጊዜ ጣልኩት፤ አልጥም አለኝ። ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንዳይበላሽ ብዬ፣ የሞዴሉን ቅጂ ላወጣ ወሰንኩ። ደረቅ ጀሶ ቅጂ ከሚወጣበት ነገር ጋር ስለሚጣበቅ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ መንከር አለበት። ነክሬዋለሁ። ግን ስንት ደቂቃ? ሁሉን የምለካው ሰው ያን አልለካሁም። ሞዴሉን ከቅጂ ማውጫው ውስጥ ስስበው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከፊት ጥርሶቹ በስተቀኝ ያለው፣ ከመካከለኛው ቀጥሎ የሚገኘው ትንሹ ጥርስ፣ ከሥሩ ተሰብሮ ቀረ።

ጋሽ እንድሪስ ለሶላት ወጥተው ነበር። ጥርሱን በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት። ይህን ስል ቀላል ይመስላል። ከስብራቱ ላይ ግን ግማሽ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ፍርፋሪ ጠፍታ ነበር። ከወንበሩ ሥር በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈለግኳት፤ ወለሉ ሁሉ የጀሶ ፍርፋሪ ነው፣ የቷ እንደሆነች ማን ያውቃል? ስለዚህ ጥርሱ በትክክል የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውም። በዓይኔ ገምቼ አስቀመጥኩት። ካሊፐሩን አነሣሁ። ከምን ጋር ላመሳክር? ከመሰበሩ በፊት አልለካሁትም።

ለምን ያኔውኑ አልደወልኩም? «ተሰብሮብኛል፣ እዚያው አሠሪው» ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ማለት እህቴን እንደገና ወደዚያ ዋጋ መመለስ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ይህ እውነት ነው። ደግሞም አይደለም። ፕሌቱን በዚያው በተጣበቀው ሞዴል ላይ ሌሊቱን ሠርቼ ጨረስኩ፤ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ብርሃን ላይ ይዘውት «ይሄማ ፈረንጅ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው!» ሲሉኝ፣ ሞዴሉን የተጣበቀው ጥርስ ወደ ግድግዳው እንዲዞር አድርጌ አስቀመጥኩት። ያን ያደረግኩት ለእህቴ ብዬ ነው? አይደለም።

ለጎረቤቷ ፕሌቱን ብቻ ሰጥቼ ሞዴሉን አስቀረሁት። ቤዛ ፕሌቱን ባደረገች በሳምንቱ እህቴ ደወለች። ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

«አጎቴ፣ ይጫነኛል» አለችኝ።

«አዲስ ነገር ይጫናል። ትለምጂዋለሽ።»

«አንድ ጥርሴን ብቻ ነው ግን።»

«ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

የትኛውን ጥርስ ብዬ አልጠየቅኩም። ልብ ይበሉልኝ፣ አልጠየቅኩም።

ከአምስት ወር በኋላ እህቴ ፎቶ ላከች። አንዱ ጥርስ ዞሯል። ቤዛ ራሷ በስልኳ ያነሣችው ፎቶ ነበር፤ የዞረው ጥርስ ደግሞ በግራ በኩል ነበር። እኔ ያጣበቅኩት የቀኙን ነው። ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንዳንድ ስልክ ራስን ሲያነሡ ግራና ቀኙን ይገለብጣል፣ አንዳንዱ አይገለብጥም። ከሸሚዟ ላይ ፊደል ፈለግሁ፤ ፊደል ቢኖር ተገልብጦ እንደሆነ ያስታውቃል። ሸሚዟ ባዶ ነበር። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ ብቻ። አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ይለይልኝ ነበር፤ «ቀኙ ነው ግራው?» አልጠየቅኩም። ካልጠየቅኩ ግራው ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚያ ገና ጠዋት ሳለ፣ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል። ልጅቷም አጠገቧ እንደነበረች በኋላ ነው ያወቅኩት።

«አንተ ባለሙያ ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። «ማታ ማታ ብታደርገው ኖሮ ይዞር ነበር?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። እውነቱም እሱ ነበር። ፕሌቱን ካላደረገችው ጥርሱ ይዞራል። የተሳሳተ ፕሌት በታማኝነት ካደረገችም ይዞራል፤ በየሌሊቱ፣ እኔ በዓይኔ ገምቼ ወዳስቀመጥኩበት ቦታ እየተገፋ ይሄዳል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር።

«ካደረገችው አይዞርም» አልኩ።

ከስልኩ ውስጥ የልጅ ድምፅ መጣ። «አጎቴ፣ አድርጌዋለሁ እኮ! በየቀኑ!»

«ዝም በይ! የሠራው ሰው ራሱ እየነገረሽ ነው፣ ውሸታም!» አለች እህቴ።

እኔም፣ ነገሩን ያለሰለስኩ መስሎኝ፣ «ምናልባት አንዳንድ ቀን ረስታው ይሆናል» አልኩ።

ይህን ነው ያደረግኩት። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እውነት ስትናገር፣ ውሸቷን ነው ብዬ መሰከርኩባት። ከክፍሏ ልጆች ጋር ልትሄድ የነበረውን የሦስት ቀን ጉዞ እናቷ ከለከለቻት። ፕሌቱ ከእንግዲህ አያስፈልግም ተብሎ፣ ሁለተኛ ሳይደረግ ሣጥን ውስጥ ገባ። ሽቦው እንደገና ታሠረ፤ እህቴም እንደገና ቅዳሜና እሁድ መሥራት ጀመረች። እኔ እዚህ ሆኜ በየሳምንቱ «በርቺ ገንዬ» እላት ነበር። በርቺ! ምን ዓይነት ሰው ነው በርቺ የሚለው?

ባለፈው ክረምት መጡ። ቤዛ ቁመቷ እናቷን አልፏል። አንድ ቀን እናቷ ታች ጨርቅ ስትገዛ ልጅቷ ብቻዋን ወደ እኛ ክፍል ወጣች። ጋሽ እንድሪስ ሲያይዋት ከወንበራቸው ተነሡ።

«አንቺ ነሽ የካናዳዋ? ምነው ጥርስሽን በሽቦ አሳጠርሽው፣ ሌባ ሊገባብሽ ነው?»

ሳቀች፤ ስትስቅ ግን አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ከቦርሳዋ ሰማያዊ ሣጥን አወጣች።

«አጎቴ፣ ይሄን ላንተ ልመልስልህ። ማሚ ጣዪው ብላኝ ነበር። አንተ የሠራኸው ስለሆነ አልጣልኩትም።»

ከፈትኩት። እርስዎ ይህን ሥራ ስለማያውቁ ልንገርዎት፤ አፍ ውስጥ የኖረ ነገር ያስታውቃል። ከእኛ ዘንድ ሲወጣ እንደ መስታወት ያበራል። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ እንደዚያው ያበራል። ይህኛው ደብዝዟል። ሽቦው ሥር የጥርስ ድንጋይ ይዟል። ምላስ የሚነካው ቦታ ላይ ለስልሷል፤ የታችኞቹ ጥርሶች የሚያርፉበት ላይ ትናንሽ ምልክቶች አሉ። የሽማግሌዎች ጥርስ ለጥገና ሲመጣልን በየቀኑ የማየው ነው። በየሌሊቱ ይሁን፣ አንድ ሁለት ሌሊት ይቅር፣ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ግን ልጅቷ አድርጋዋለች። አምስት ወር አድርጋዋለች።

«የዞረው የትኛው ነበር?» ብዬ በመጨረሻ ጠየቅኳት።

ጣቷን አነሣች። «ይሄ።» ቀኙ ነው።

ከዚያ ያለችኝን ነው መርሳት ያልቻልኩት። ሳትቆጣ፣ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል ነው የተናገረችው። «በፊት በየቀኑ አድርጌዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግን እንጃ። አንተም ማሚም አላደረግሽም ካላችሁ፣ ምናልባት ያደረግኩት መስሎኝ ይሆናል። አንዳንዴ እንደዚያ ነኝ።»

ፕሌቱ እጄ ላይ ነበር። ሞዴሉ ከክንዴ ራቅ ሳይል መሳቢያው ውስጥ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሞርዳሉ። ምን አልኩ?

«ለስላሳ ላምጣልሽ?» አልኩ።

ወርጄ ገዛሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ቀዝቃዛ አልነበረውም፤ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ሁለተኛው ነበረው፤ እኔ ግን ወደ ሦስተኛው ሄድኩ። ስመለስ እናቷ መጥታ ነበር፤ ጨርቁን እያሳየችኝ ስለ ዋጋው ተጫወትን። ቤዛ ለስላሳውን ጠጥታ ጠርሙሱን በሁለት እጇ መለሰችልኝ። በሳምንቱ ሄዱ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ፕሌቱን የተጣበቀው ሞዴል ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ፀጉር የምታሳልፍ ክፍተት የለውም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ትክክለኛው ሥራ እሱ ነው። በተሳሳተ ነገር ላይ ያን ያህል ትክክል መሆን ምን ይባላል? ስም አላገኘሁለትም።

ብዙ ነገር አሁንም ግራ ይገባኛል። ፍርፋሪዋ ብትገኝ ኖሮስ? ሐሙስ ባይሆን ኖሮስ? ጥርሱ የዞረው በእኔ ግምት ነው ወይስ በራሱ ተፈጥሮ? የተሰበረው ጀሶ አደጋ ነው፤ እሱን ንስሐ አባቴም ቢሰሙ አያከብዱብኝም። ግን ያን ቅዳሜ አላውቅም ማለት ሲገባኝ አውቃለሁ አልኩ። እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። የልጅቷን ጥርስ ሐኪም ያስተካክለዋል። በገዛ ራሷ ላይ ያላትን እምነት ያጣመምኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያ ሽቦ የለም።

ማክሰኞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አለ። ሞዴሉን በጥጥ ጠቅልዬ በሰማያዊው ሣጥን አጠገብ ካርቶን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሙጫውን አልፋቅሁትም፤ ስንጥቁ ከላይ እንዲታይ አድርጌያለሁ። ካርቶኑ ላይ የእህቴን ስም ጽፌ ነበር። ሰረዝኩትና የቤዛን ጻፍኩ። ውስጡ ያስገባኋት ወረቀት ላይ ይቅርታ የሚል ቃል ስፈልግ ዋልኩ፤ የጻፍኩት ሁሉ እኔን ይቅር እንድትለኝ የሚለምን ሆነብኝ፤ እሷ ግን ለእኔ የምትሰጠው ነገር የለባትም። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ ተውኩ።

«ቤዛ፣ አድርገሽዋል። መስሎሽ አይደለም።»