በስምንተኛው ቀን የመጣች እህቴ

የአስከሬኑ ሳጥን የገባ ዕለት ወንዶቹ ከግቢው በር እስከ ጎረቤት አጥር ቆመው ነበር። ሾፌሩ መኪናውን ተደግፏል፤ ሼኩ ከፓፓያው ሥር ናቸው። ሁለቱ አጣቢ ሴቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ከክፍሉ ደጃፍ ቆመዋል። የሟቿ እናት ሰዓዳ ክፍሉ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ከጀርባዋ ነበርኩ። ልጇ ዐረብ አገር ሞታ ከሚሴ የደረሰችው ከሃያ ቀን በኋላ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ሽታውን አውቀዋለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደሴ እየተማርኩ ለክረምት ከሚሴ ወደ ቤታችን መጥቻለሁ። ታላቅ እህቴ ዘሀራ ልቧን ታማ ነበርና አጎታችን አደም ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰዳት። ስትሄድ ጥንቅሽ ገና አልደረሰም ነበር። እሷ ደግሞ ጥንቅሽ ወዳድ ናት፤ ስትመለስ እንዲደርስላት እማ ከማሽላው ዳር አንድ መደብ ለብቻው አስተክላላት ነበር።

ዘሀራ ሐኪም ቤት ሞተች። በዚያ ሰሞን ከሰንበቴ ከተማ ወዲያ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት መኪና አያልፍም። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው አያድርም፤ ጠዋት የሞተ ከሰዓት ይቀበራል። ዘሀራ ግን የመጣችው በስምንተኛው ቀን ነው።

እማ «እኔው ካላጠብኳት» አለች። ዋናዋ አጣቢ እትዬ ፋጡማ ውሃውን በቁርቁራ ቅጠል አዘጋጅተው ነበር። የዘሀራ ገላ እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፤ ውሃው ሲፈስባት እየተንከባለለ ይወርዳል። ፊቷ ግን ያው የዘሀራ ፊት ነው። ጉንጯ እንኳ አልጎደለም። እማ ጣሳውን አስቀመጠችና ጆሮዋን በልጇ ደረት ላይ አደረገች።

«ሂን ዱኔ» አለች። ሲጨንቃት ኦሮምኛው ይቀድማታል። አልሞተችም ማለቷ ነው። «የሞተ ሰው ስምንት ቀን እንዲህ ይቆያል? ደንዝዛ ነው እንጂ።»

«አንቺ ኸዲጃ፣ አላህን ፍሪ» አሏት እትዬ ፋጡማ። «ወንዶቹ ለሰላት ተሰልፈው እየጠበቁ ነው።»

እማ ከፈኑን፣ መገነዣውን ጨርቅ፣ ወደ ጎን ገፍታ ዘሀራን በራሷ ጋቢ ሸፈነቻት። እኔን ደግሞ ወተት አሙቂ አለችኝ። ሄጄ አሞቅሁ። ለምን እንዳሞቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወተቱን ይዤ ስመለስ አጎቴ ደጃፉ ላይ ያዘኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ሐኪሞቹ አስከሬኗ እንዳይፈርስ መድኃኒት እንደወጓት ነገረኝ። ለእማ ለመንገር አልደፈረም። «አንቺ ተምረሻል፤ ንገሪያት» አለኝ።

ያኔ ሽታው ከየት እንደሆነ ትዝ አለኝ። ከባዮሎጂ ክፍላችን ነው።

«እማ፣ መድኃኒቱ ነው» አልኳት። «ትምህርት ቤታችን ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠች እንቁራሪት አለች። ሽታዋ ይኸው ነው። ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ስትታይ ግን ዛሬ የሞተች ነው የምትመስለው።»

እማ ብዙ አየችኝ።

«እንቁራሪት» አለች፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ጋቢዋን ከዘሀራ ላይ አንስታ አራት አጥፋ ያዘችው። በሉ ገንዟት ብላ ወጣች። አጥቦ መጨረሱንም፣ መገነዙንም ሌሎች ሠሩት። ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው ሲወጡ ዝናቡ ጀመረ። ወተቱ ደጃፉ ዳር እንዳስቀመጥኩት ስልባቦት ያዘ። የሚደፋው ሰው አልነበረም።

እማ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖራለች። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ደብዳቤ ሲመጣ ግን፣ እኔ እቤት እያለሁ፣ ጎረቤት ወስዳ ታስነብብ ነበር። ከዚያ ክረምት ቀጥሎ በመጣው መስከረም ጥንቅሹ ሲደርስ ሁሉንም አሳጭዳ ለከብት ሰጠችው።

የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። አጎቴ ሐኪሞቹን ለምኖ ዘሀራን ያስወጋት፣ እማ የልጇን ፊት አይታ እንድትሰናበታት እንደነበር የነገረኝ ከዓመታት በኋላ፣ እሱም ሲያረጅ ነው። እማ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም።

ሳጥኑ አጠገብ ሰዓዳ እጇን በልጇ ጉንጭ ላይ እንዳደረገች ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ተኝታ አይደል?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሞታለች፣ ልጄ» አልኳት። «አንቺ እንድታያት ብለው ነው እንዲህ ጠብቀው ያመጡልሽ።»

ሰዓዳ ልጇን ብዙ አየቻት። ከዚያ ከአጣቢዎቹ እጅ የውሃውን ጣሳ ተቀበለች።

እኔ ጫማዬን ከደጃፉ ፈልጌ ወጣሁ።