ያልበላነው እንጉዳይ

የልጅ ልጄ ትናንት ከወረታ በላይ ካለው የፈረንጅ ጥድ ሥር እንጉዳይ ለቅማ በፌስታል ይዛልኝ መጣች። «አባባ፣ ይበላል?» አለችኝ። አንድ በአንድ ገልብጬ አየሁና ይበላል አልኋት። ራሴ ግን አልቀመስሁም። ይህንኑ ጥያቄ ድሮ አንድ ጊዜ ተጠይቄ ነበር፤ መልሴ ትዳር አፍርሷል።

የግብርና ተማሪ ነበርሁ። የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት እናቴ ቤት፣ ቁሐር ሚካኤል መጥቻለሁ። ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቶበት ሩዙ ብቻ አናቱን ብቅ አድርጓል። ታላቅ ወንድሜ ከወንዛዬ ያገባት ጥሩዬ ከገባች ዓመት አልሞላትም። እናቴ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የምራት ሙያ ቶሎ የሚዋጥላት ሴት አልነበረችም።

ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ሽሮው ሰልችቶናል። ጥሩዬ ያን ዝናብ ችላ፣ ከሜዳው በላይ ካለው የፈረንጅ ጥድ ሥር፣ ከረገፈው መርፌ መሳይ ቅጠል ውስጥ አንድ እንቅብ እንጉዳይ ለቅማ መጣች። እያገላበጠች ከሥሩ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳውን አስቀርታ ሌላውን ጣለች። የሚያሙለጨልጨውን ቆዳ ልጣ ከተፈችና የራሱን ውሃ እስኪመጥ አበሰለችው፤ ከዚያ ሽንኩርትና የኑግ ዘይት ጨመረችበት። ሽታው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጾም የተፈታ ነበር የሚያስመስለው።

እናቴ እጇን ሰብስባ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ተምረሃል። ይኸ ይበላል?»

አላውቅም ነበር። ስለ እንጉዳይ አንድም ቀን አልተማርንም። ግን ያ ሁሉ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ «አላውቅም» ማለት ሞት መሰለኝ። ኮስተር ብዬ «የጅብ ጥላ ነው፤ መርዝ ነው» አልሁ።

«እናቴ፣ ካደግሁበት የምበላው ነው፤ እኔ ልቅደምልዎ» አለች ጥሩዬ። ልትጎርስ ስትል ወንድሜ እጇን ያዛት። ወጡ ጓሮ ተደፋ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ከእሷ እጅ እህል አልቀመሰችም፤ «ልትፈጀን ነበር» የሚለው ወሬም አገሩን አዳረሰ። ጥቅምት ላይ ልብሷን ቋጥራ አባቷ ቤት ገባች። ወንድሜም አልተከተላት።

በዓመቱ አንድ መምህራችን ያንኑ እንጉዳይ ክፍል ይዞ መጥቶ፣ ገልብጦ አሳየንና የሚበላ ነው አለን። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ለእናቴ ዛሬ ነገ ስል ሞተች። ወንድሜም ሌላ አግብቶ ነበር፤ ምን ብዬ ልንገረው?

አሁን ለጉልበቴ ወንዛዬ ፍልውሃ እመላለሳለሁ። ዓምና ጥሩዬ ከደጇ ላይ ሆና አየችኝ። አርጅታለች፤ ግን ለየችኝ። ደክሞሃል፣ ግባና እህል ቅመስ አለችኝ። ከነጋ እህል በአፌ ሳይዞር «ጠግቤያለሁ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ዛሬም ትፈሩኛላችሁ?»

መንገዴን ቀጠልሁ። ጉልበቴ ዘንድሮ ብሶበታል፤ ወንዛዬ ግን እስካሁን አልሄድሁም።