የአባቴ «ግን»

ባለፈው ክረምት ለዘገባ ሥራ ወደ አንድ የጨርቃ ጨርቅ መጋዘን ገብቼ ሳለሁ የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ድንገት መጣብኝ። ከሳሙና፣ ከሙቅ ውኃና ከማሽን ዘይት ጋር የተደባለቀ፣ መጥፎም ጥሩም የማይባል ሽታ ነው። ለመጋዘኑ ኃላፊ የጀመርኩትን ጥያቄ አቋረጥኩ፤ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቱታው የሚሸተው እንዲሁ ነበር።

አባቴ ደምሴ ጉለሌ ውስጥ፣ በአብዮቱ ማግስት መንግሥት በወረሰው አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ቤታችን ወደ ሽሮ ሜዳ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ከአንድ ቦይ ማዶ ያለ የቀበሌ ቤት ሲሆን፣ እናቴ አስካለ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ፈትሉን ለሸማኔዎች ትሸጥ ነበር። እኔ የመጀመሪያዋ ልጅ ነኝ፤ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ገና በዳዴ ይሄድ ነበር።

አባቴ በሰፈሩ የሚታወቀው በሰላምታው ነበር። ሰው ሲያገኝ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጤናውን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹን ሳይቀር በየተራ ይጠይቅ ነበር። እሱ ሲጠየቅ ግን መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» እናቴ ቦኖ ወርዳ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ስትወጣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው እሱ ገና ሰላም እያለ ትደርስበት ነበር።

አደጋው የደረሰው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ የፋብሪካውን ቆርቆሮ ሲደበድብ በዋለበት ቀን፣ የታሰረ የጠጉር ጥቅል ከቁልሉ ላይ ተንሸራቶ ወገቡ ላይ ወደቀበትና ጓደኞቹ ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱት። አጥንቱ አልተሰበረም ተባለ፤ ሆኖም ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ተጎድቶ ስለነበር ነሐሴን በሙሉ አልጋ ላይ ዋለ። ጠያቂዎች ጃንጥላቸውን በር ላይ አስቀምጠው «እግዚአብሔር ይማርህ» እያሉ ሲገቡ፣ አባቴ ክንዱን ተደግፎ ቀና ብሎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እናንተ በዚህ ዝናብ ለምን ተቸገራችሁ?» ይላቸው ነበር። ወጥተው በሩ ሲዘጋ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። እኔ ሁለቱንም ፊቱን አይ ነበር፤ ጎረቤት የሚያየው ግን አንዱን ብቻ ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ መነሣት ጀመረ። እናቴ የባሕር ዛፍ ምርኩዝ ብታመጣለትም አልይዝም ብሎ፣ የሚሄድበት ሲኖር እኔን ጠርቶ እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳርፍ ነበር። ላየን ሰው አባትና ልጅ በፍቅር የሚንሸራሸሩ እንመስል ነበር፤ ክብደቱን የማውቀው ግን እኔ ነበርኩ።

ጥቅምት ላይ የሕመም ፈቃዱ ሊያልቅ ሲል የፋብሪካው አስተዳደር ክፍል አስጠራው። ጸሐፊው «ጓድ ደምሴ» ብሎ አስቀምጦ፣ የቀረው ነገር ከሁለት አንዱ መሆኑን ነገረው፤ የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀርቦ በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት መሥራት እንደማይችል ከተረጋገጠ ጡረታ ይወጣል፤ ቦርዱ ይችላል ካለ ደግሞ ወደ ማጠቢያው ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ሥራውን በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል። እኛ ልጆች ጡረታ ማለት ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች ስም ይመስለን ነበር። ለአባቴም ቃሉ ከዚያ ብዙ አልራቀም።

«መጦር የልጅ ነው» አለ ማታ፣ ጎረቤታችን ጋሽ መርጋ ሊጠይቁት መጥተው ሳለ። «ልጆቼ ገና ሳያድጉ ማን ነው የሚጦረኝ? መንግሥት ልጄ ነው እንዴ?»

ጋሽ መርጋ ከሸጎሌ የከብት ገበያ በግ እየገዙ ሰፈር ውስጥ የሚሸጡ፣ ፌዝ የሚወዱ ሰው ነበሩ። በሩን ዞር ብለው አዩና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስለ መንግሥት ስታወራ ቀስ በል» አሉት። «ልጅህ ነው ካልከው ቀበሌ ጠርቶ አባትነትህን አስረዳ ይልሃል።»

እናቴ አልሳቀችም። «ጡረታ ምጽዋት አይደለም» አለችው፣ እንዝርቷን ሳታቆም። «ወገብህን እዚያው ፋብሪካ ትተህ ነው የመጣኸው። እንደዚህ ሆነህ ማሽኑ ሥር ብትመለስ የሚተርፈውንም ታስረክባለህ፤ ብትቀር ደግሞ በእኔ ፈትል እንዴት እንኖራለን?»

በመጨረሻ እሺ አለና ኅዳር ላይ እናቴም እኔም አብረነው ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ተራው ሲደርስ እናቴን ኮሪደሩ ላይ አስቀሯት፤ እኔን ግን እጁ ትከሻዬ ላይ ስለነበር ማንም ሳይከለክለኝ አብሬው ገባሁ። ጠረጴዛው ኋላ ሁለት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። አባቴ ሲያያቸው እጁን ከትከሻዬ አነሣ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ቀጥ ብሎ ቆመና ለእያንዳንዳቸው እጅ ነሣ።

«እንዴት ነዎት?» አለው ትልቁ ሐኪም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። እናንተስ እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ወገብዎን ያምዎታል?»

«ሰው ሆኖ የማይታመም የለም፣ ዶክተር።»

«መሥራት ይችላሉ?»

«ልጅ የሚያሳድግ ሰው አልሠራም ይላል?»

በዚህ መሐል ሦስተኛዋ ሐኪም፣ አንዲት ሴት፣ ዘግይታ ገባችና መቀመጫ አጥታ ቆመች። አባቴ ለሱ የተዘጋጀለትን ወንበር፣ የእንጨት ከባድ ወንበር፣ ብድግ አድርጎ ክፍሉን አቋርጦ ወሰደላትና «ኖር፣ ይቀመጡ» አላት። ሴትዮዋ አመሰገነችው። ትልቁ ሐኪም ወንበሩን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ። ቀጥሎ ጀርባውን መታ መታ አድርገው መረመሩት፤ «ያማል?» ሲሉት «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ይላቸው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ግድግዳውን ይዞ ቆመና ረጅም ጊዜ መራመድ አልቻለም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ለብቻዬ ወስዳ ጠየቀችኝና የሆነውን ሁሉ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ቃል በቃል ነገርኳት። የዚህ የዘጋቢነት ሥራዬ መጀመሪያ ምናልባት ያ ይሆናል። እናቴ መጀመሪያ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ቀጥሎ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገችና ወደ አባቴ ሄደች።

«ወንበር አቀረብክላት?»

«ሴት ልጅ ቆማ እኔ ልቀመጥ?»

«ታዲያ እግሯንም አጥበህ ብትመጣ ምን ነበረበት።»

ቦርዱ ለሥራ ብቁ ነው አለ። አባቴ ታኅሣሥ ላይ ቱታውን ለብሶ ወደ ማጠቢያው ተመለሰ። ብርዱ ከእንጦጦ ቁልቁል በሚወርድበት በዚያ ወር፣ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እስከ ፋብሪካው በር አድርሼው እሄድ ነበር። ጓደኞቹ አለቃቸው ዞር ባለ ቁጥር የሱን ጥቅል ያነሡለት እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ማታ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሳይበላ ይተኛ ነበር።

አንድ ምሽት፣ ጥር ውስጥ ይመስለኛል፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ቦይ ጋ ደርሶ ሲቆም ከደጃፍ ሆኜ አየሁት። ቦዩ እኛ ልጆች ስንሯሯጥ ሳናየው የምንዘልለው፣ ስፋቱ አንድ እርምጃ የማይሞላ ነበር። ጋሽ መርጋ ከማዶ በጎቻቸውን እያስገቡ ነበር።

«ደምሴ፣ እንዴት ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ዋሉ? በጎቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። አንተስ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና ከሆንክ ተሻገራ።»

አባቴ ቦዩን ቁልቁል አየው። አንድ እግሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘና፣ «አልችልም፣ ጋሽ መርጋ» አለ። እኔ ይህን ቃል ካፉ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጋሽ መርጋ በጎቹን ትተው መጥተው፣ አንድም ቀልድ ሳይናገሩ፣ በብብቱ ደግፈው አሻገሩት።

ከቤት ከገቡ በኋላ ግን ቀልዳቸውን አላስቀሩለትም። «እኔ በግ ስገዛ እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቀውም» አሉ፤ «ወገቡን ነው የምይዘው። ሐኪሞቹ አንተን ጠየቁህ፤ ስህተታቸው ይኸው ነው።»

እናቴ በማግስቱ አስተዳደር ክፍል ሄዳ ይግባኝ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ቦርዱ አንድ ጊዜ ደግሞ ሊያየው እንደሚችል ጠይቃ መጣች። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ልምምድ ተጀመረ። ጋሽ መርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ሐኪም ይሆናሉ፣ እናቴ ታርማለች፣ እኔ ሳቄን እይዛለሁ።

«እንዴት ነዎት?» ይላሉ ጋሽ መርጋ፣ ድምፃቸውን አወፍረው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህ...»

«አቁም!» ትላለች እናቴ።

«ምን ልበል ታዲያ? እግዚአብሔርን ሳላመሰግን ልጀምር?»

«አመስግን። ከዚያ ‹ግን› በል።»

አባቴ እዚህ ላይ የምሩን ተቆጣ። አመስግኖ ግን ማለት ለሱ ማማረር ነበር፤ ምስጋናውን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መቀማት ነበር። አባቱም አያቱም ታመው ሲጠየቁ አመስግነው ያቆሙ እንጂ የቀጠሉ አልነበሩም። እናቴ ብዙ ቀን ተከራከረችው፤ በመጨረሻ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ «ስማኝ ደምሴ» አለችው፤ «እግዚአብሔር ወገብህን ያውቀዋል። የማያውቀው ሐኪሙ ነው። ‹ግን› የምትለው ለሐኪሙ ነው።» ከዚያ ወዲህ አባቴ አልተቆጣም።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ሲጀምር ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራ፤ እኔም እንደ መጀመሪያው አብሬው ገባሁ። ክፍሉ ያው ነበር፣ ሐኪሞቹም እነዚያው ነበሩ። «ይቀመጡ» ሲሉት ተቀመጠ። ኮሪደሩ ላይ እናቴ ነጠላዋን በጣቷ ጠቅልላ እየጠበቀች መሆኗን አውቅ ነበር። ዛሬም ብቁ ነው ካሉት ሌላ ይግባኝ እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«እንዴት ነዎት?» አለ ትልቁ ሐኪም።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሐኪሙ ብዕሩን አነሣ። የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ጠበቀ።

«ግን» አለ።

ቃሏ ከወጣች በኋላ የቀረው ቀስ እያለ ተከተላት። በጎኑ መተኛት እንደማይችል፣ የጫማውን ክር የምታስረው ልጁ እንደሆነች፣ ጓደኞቹ እየተደበቁ እንደሚሠሩለትና ይህም እንደሚያሳፍረው ነገራቸው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላወቅሁት መጨረሻ ላይ የተናገረውን ነው። «ትንሽ ልጅ አለኝ» አለ፤ «እጁን ዘርግቶ ሲመጣ ‹አንተ አድገሃል፣ በእግርህ ሂድ› እለዋለሁ። አላደገም። ማንሣት ስለማልችል ነው።» ሴትዮዋ ሐኪም ተነሥታ መጥታ ወገቡን በጣቷ ተጫነችውና «እዚህ ጋ ነው?» ስትለው፣ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት «ወይኔ» አለ።

ውሳኔው ግንቦት ላይ መጣ፤ መሥራት አይችልም፣ በጡረታ ይገለል የሚል ነበር። የሚያገኘው ከደመወዙ ያነሰ ስለነበር እናቴ ፈትሉን ጨመረች፤ አባቴም ውሎ አድሮ ደጃፍ ላይ አብሯት ተቀምጦ ፈትል ማጠንጠን ጀመረ። መጀመሪያ ላይ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ ፈትሉን ጋቢው ሥር ይደብቀው ነበር፤ ጋሽ መርጋ «ባልና ሚስት ፋብሪካ ከፈቱ፣ መንግሥት ሳይሰማ» ብለው ካወጁበት በኋላ ግን መደበቁን ተወ። ወንድሜን ማንሣት ስላልቻለ ልጁ ራሱ ተንጠላጥሎ ጭኑ ላይ መውጣት ተማረ።

ያኔ አባቴ ቀን ቤት መዋሉ ያሳፍረኝ ነበር፤ የጓደኞቼ አባቶች ፈረቃ ይገቡ ነበር፣ አንዳንዶቹም ግንባር ሄደው ደብዳቤያቸው ይጠበቅ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን በሩ ላይ አንድ ሰው ነበር፣ የተማርኩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጠይቀኝና መልሱን እስክጨርስ የሚሰማኝ። አሁን እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ፤ ቤት የምደርሰው ልጆቼ እራት በልተው ሊተኙ ሲሉ ነው። የዕለቱን ዜና ሳርም ብዙ ጊዜ አመሻለሁና፣ ትምህርት ቤት እንዴት እንደዋሉ የምሰማው በማግስቱ ጠዋት፣ ታክሲ እየጠበቅን፣ ባጭሩ ነው።