ወንበሮቹ የሚያውቁት ስፓኒሽ

ስፓኒሽ ያስተማሩንን ሰው በፊታቸው «መምህር»፣ ከኋላቸው ደግሞ «ጋሽ ነበር» እንላቸው ነበር። ስሙን ያወጣላቸው አብሮን የሚማር ታክሲ ሹፌር ነው፤ መምህር ከዚያ ሰፊ ቋንቋ ጠንቅቀው የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበርና፦ ድሮ ይደረግ የነበረውን መናገር። እሠራ ነበር፣ እበላ ነበር፣ እኖር ነበር። ዛሬ የሚሆነውም ሆነ ነገ የሚመጣው እሳቸውን አይመለከትም።

ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው። በወጣትነታቸው በመርከብ ድርጅት ታይፒስት ሳሉ ከአንድ ጡረተኛ የወረሱት መጽሐፍ ሽፋኑም የፊት ገጾቹም ተቦጭቀው ከአሥራ አራተኛው ትምህርት ይጀምራል፤ ያም ይኸው የ«ነበር» ትምህርት ነው። አሥራ አምስተኛው ላይ አይጥ ቀድማቸዋለች።

«ይህ ጊዜ ጨዋ ነው» ይሉን ነበር፣ ጠመኔውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው። «ግሡ መጨረሻው ‹አር› ከሆነ ‹አባ› ይላል፤ ‹ኤር› ወይም ‹ኢር› ከሆነ ‹ኢያ› ይላል። አለቀ። ከሕግ የወጡት በጠቅላላው ሦስት ዱርዬዎች ናቸው፤ እነሱን ክፍሌ አላስገባም።»

እኛም እንደ ልጅነት ጊዜያችን በአንድ ድምፅ እናዜማለን፦ አብላባ፣ አብላባስ፣ አብላባ፤ እናገር ነበር፣ ትናገር ነበር፣ ይናገር ነበር። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ዛሬም ሳህን ሳጥብ ከአፌ ያመልጠኛል።

ክፍሉ ስምንት ወንበር ነበረው፤ በየጀርባቸው በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። የመምህር ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጥያቄና መልሱ የተመደበው ለሰው ሳይሆን ለወንበር ነው። ተማሪ ይመጣል፣ ተማሪ ይሄዳል፤ ወንበር ግን ይኖራል። አንደኛ ወንበር «ድሮ የት ይሠሩ ነበር?» ሲባል «በትልቅ ሆስፒታል እሠራ ነበር» ይላል። እዚያ የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ ነርስ ስለሆኑ በአጋጣሚ እውነት ሆነ። ሁለተኛው ላይ ሹፌሩ «ከአያቴ ጋር እኖር ነበር» ይላል፤ አያቱን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ሦስተኛው የእኔ ነው። ሠርግ ላይ እንኳ ጥግ ይዤ የምቀመጥ የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «በየቅዳሜው እጨፍር ነበር» ስል ኖሬአለሁ።

አንድ ቀን ሹፌሩ፣ «መምህር፣ እስኪ እኔ እንኳ የራሴን ልናገር» አለ።

«የራስህን ለሚስትህ ንገር» አሉት።

ሳቅን፤ አልገፋንበትምም። መልሱ የተዘጋጀ ነው፣ በዓመቱ መጨረሻ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሰጠናል፤ ከዚህ በላይ ማን ምን ይፈልጋል?

ነገሩ የተበላሸው የጎልማሶች ማሠልጠኛው አዲሷ ዳይሬክተር ስትመጣ ነው። ክፍሉን ለልብስ ስፌት ፈለገችው።

«መምህር» አለቻቸው፣ «ለውሃ ድርጅቱ ማሽን ልትተክል የመጣች መሐንዲስ አለች፤ አፏን የፈታችው በስፓኒሽ ነው። ሐሙስ አመጣታለሁ። ተማሪዎችዎ ካነጋገሯት ክፍሉ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ግን ዓርብ የስፌት መኪኖቼ ይገባሉ።»

መምህር ከዚያ ክፍል ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ርቀዋል። በሳምንት ሦስት ቀን «መምህር» ብሎ የሚጠራቸው እኛ ስምንታችን ብቻ ነበርን።

ሐሙስ ጫማቸውን እንደ መስተዋት አስወልውለው መጡ። እሳቸው በየወንበሩ ሊጠይቁ፣ እንግዳዋ ዳር ሆና ልትሰማ ታስቧል። የምትቀመጥበትን ግን ያሰበ የለም። መሐንዲሷ ስትገባ ነርሷ ብድግ አሉ።

«በሞቴ፣ እዚህ!» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላትና ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እንግዳ ቆሞ እኛ ተቀምጠን እንዴት ይሆናል?

መምህር ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ፣ «አንደኛ ወንበር» አሉ። «ዶንዴ ትራባኻባ ኡስቴድ አንቴስ?»

የእንግዳዋ ፊት በራ። እዚህ ከመጣች ጀምሮ በቋንቋዋ ስለ ኑሮዋ የጠየቃት ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ድሮ የት ትሠራ እንደነበር ትናገር ጀመር። አራት ደቂቃ ሙሉ፤ አንዴ እየሳቀች፣ አንዴ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። እኛ መምህርን እናያለን። መምህር ጠመኔውን ያያሉ። ስትጨርስ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ።

«ሙይ ብየን፤ በጣም ጥሩ» አሏት። «ሁለተኛ ወንበር።»

ሹፌሩ አያቱን አነሣ፣ እኔ ጭፈራዬን። እንግዳዋ ወደ እኔ ዞር ብላ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፤ የጭፈራውን ዓይነት ይሆናል። ወንበሬ ለዚያ መልስ አልነበረውም።

«በየቅዳሜው እጨፍር ነበር» አልኳት ደግሜ፣ ጮክ ብዬ።

እንግዳዋ አመስግና ከወጣች በኋላ ዳይሬክተሯ ቀረበች።

«መምህር፣ ቅድም ምን አለች?»

«ትሠራ ነበር።»

«አራት ደቂቃ ያወራችው ይህንኑ ነው?»

«ቀሪው ዝርዝር ነው።»

ዓርብ መምህር መጽሐፋቸውን ሊወስዱ መጡ። ስምንታችንም ተገኝተናል። የስፌት አስተማሪዋ መኪናዋን ታቅፋ በር ላይ ትጠብቃለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትናንት ባልነሣ ኖሮ» አሉ ነርሷ።

«ትሕትና ስንት ቤት አፍርሷል፣ እትዬ» አሉ መምህር።

ሦስት ዓመት በውሸት ጭፈራ ማኅተም የሰበሰብኩት እኔ፣ ጥፋቱ ሲከፋፈል ድርሻዬን ለመጠየቅ አልተሽቀዳደምኩም።

«እስኪ በየቦታችሁ» አሉን መምህር። ተቀመጥን። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ አዳረሱን፤ አንድም ሰው አልተሳሳተም። ፊታቸው ፈካ።

«አያችሁ? በእኛ መካከል ምንም ችግር አልነበረም።»

«ኧረ ክንዴ ሊገነጠል ነው» አለች የስፌት አስተማሪዋ፣ ገብታ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈች።

ነርሷ ብድግ አሉ። «ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ።»

ልጅቷ አንደኛው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። መምህር አዩዋትና የዘጉትን መጽሐፍ ገለጡ።

«ዶንዴ ትራባኻባ ኡስቴድ አንቴስ?»

«ምን አሉኝ?» አለች ግራ ገብቷት።

ነርሷ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ። «በትልቅ ሆስፒታል እሠራ ነበር በያቸው።»